የፈረስን ጀርባና አንገት ያለ ማሰልጠኛ ሜዳ ማጠንከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» እንላለን፣ አንዱን ፎካሪ እስኪ አሳየን ለማለት ስንፈልግ። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን አብዛኞቻችን ያለን ፈረሱ ብቻ ነው። ሜዳው ወይ ታርሷል፣ ወይ ታጥሯል፣ ወይ ቤት ተሠርቶበታል። ሁሉም ሰው ጃንሜዳ አጠገብ አልተወለደም። ከዚህ በታች ያሉት ፈረስ ካላቸው ሰዎች ጋር ስንጫወት እየተመላለሱ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ሜዳ የለኝም። ያለ ሜዳ የፈረስ ጀርባ ይጠነክራል ወይ?

ይጠነክራል። እንዲያውም በውጭ አገር አሸዋ አልብሰው ባጠሩት ሜዳ የሚያሠለጥኑ ሰዎች እኛ በነጻ ያለንን ነገር ፍለጋ ፈረሳቸውን በመኪና ጭነው ይሄዳሉ። ዳገት ፍለጋ ማለቴ ነው። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲዞሩ መዋል ፈረሱን ያሰለቸዋል፤ ክቡ ጠባብ ከሆነ ደግሞ እግሩን ይጎዳዋል። ጀርባና አንገት የሚጎለብቱት ፈረሱ ከፍ ዝቅ በሚል መሬት ላይ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በቀስታ ሲራመድ ነው። ይህ ደግሞ በገበያ መንገድ ላይም፣ በማሳ ድንበር ላይም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ባለው አቀበት ላይም አለ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልናገር። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ኮርቻ ላይ ተወጥቶ አይደለም። ከፈረሱ ጎን በእግር እየሄዱ ነው። ይህን ስል የሚያኮርፍ ሰው አይጠፋም። «ፈረስ ገዝቼ በእግሬ ልኳትን?» ይለኛል። አዎ፣ ለተወሰኑ ወራት።

የፈረሴ ጀርባ ጡንቻ እንደጎደለው በምን አውቃለሁ?

ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁሙትና ከጎኑ ሆናችሁ እዩት። አንገትና ጀርባ የሚገናኙበት ጉብታ አለ አይደል? ከእሱ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ የተሰረጎደ ነገር ካያችሁ አንዱ ምልክት ነው። አከርካሪው እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾሎ ከወጣ፣ ሽንጡ ላይ እጃችሁን ስታሳልፉ አጥንቱን አንድ ሁለት ብላችሁ የምትቆጥሩት ከሆነ፣ ጡንቻ የለውም። ጥሩ ጀርባ ላይ አከርካሪው በግራና በቀኝ በሥጋ ታቅፎ ይቀመጣል። እጅ ሲያልፍበት ሜዳ እንጂ ሸንተረር አይሆንም።

ስብን ከጡንቻ አታምታቱ። ክረምቱን ሣር ጠግቦ የወጣ ፈረስ ክብ ይላል፣ ጎድኑም አይታይም። ሻጭም ይህንን ስለሚያውቅ ገበያ የሚያወጣው ያኔ ነው። ጀርባው ግን ያው ደካማ ሊሆን ይችላል።

በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። በየቀኑ የሚያየውን ፈረስ የባለቤቱ ዓይን አያየውም።

የፈረሴ አንገት ወፍራም ነው። ግን ያበጠው ከታች፣ በጉሮሮው በኩል ነው። ጥሩ ነው መጥፎ?

መጥፎ ነው። ብዙ ሰው «አንገቱን እዩልኝ!» ብሎ የሚኩራራበት ብዙ ጊዜ ይህ የታችኛው ጡንቻ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ጀርባውን አጉድጉዶ የሚሄድ ፈረስ የታችኛውን የአንገት ጡንቻ ነው የሚያሠራው። ከላይ በጋማው ሥር ያለው ይሟሽሻል፣ ከታች ያለው ያብጣል። ትክክለኛው የተገላቢጦሹ ነው። ከጋማው ሥር ሞላ ብሎ፣ ከጉሮሮው በኩል ለስለስና ቀጠን ያለ አንገት።

የጉግስ ውበታችን ትንሽ ያሳስተናል። ፈረሱ አንገቱን ሰቅሎ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ እየተንቆራጠጠ ሲመጣ ደስ ይለናል። እልልታውም ያኔ ነው የሚቀልጠው። ለበዓል ቀን ለአንድ ሰዓት ይሁንለት። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ የሚሄድ ፈረስ ግን ጀርባው ያልቃል።

ጀርባ የሚነሣው እንዴት ነው? «ሆዱን አሠራው» ሲሉኝ አልገባኝም።

ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን አስቡት። እንጨቱ ጀርባው ነው፣ ጅማቱ ደግሞ ሆዱ። ጅማቱ ሲጠብቅ እንጨቱ ወደ ላይ ይጎብጣል። ሲላላ እንጨቱ ይዘረጋል። የፈረስ ጀርባም እንደዚያው ነው። የሆዱ ጡንቻ ሲሠራ ጀርባው ወደ ላይ ይነሣል፣ ሆዱ ሲሰንፍ ጀርባው ይረግባል። ስለዚህ ጀርባን ብቻውን ማጠንከር የሚባል ነገር የለም።

አንገት ደግሞ እዚህ ጋ ይገባል። ከጆሮዎቹ ኋላ ተነሥቶ፣ በጋማው ሥር አልፎ፣ እስከዚያ ጉብታ የሚዘልቅ ወፍራም ጅማት አለ። ፈረሱ ጭንቅላቱን ዝቅ ሲያደርግ ይህ ጅማት ይወጠራል። ጉብታው ላይ ያሉትን ረጃጅም የአከርካሪ አጥንቶች ወደ ፊት ይስባቸዋል። እነሱ ሲሳቡ ጀርባው ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ሣር የሚግጥ ፈረስ ሳያስበው ጀርባውን የሚያፍታታው። ድርቆሹን ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ከማስቀመጥ መሬት ላይ መስጠት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ሌላ የሚገርም ነገር ልጨምር። የፊት እግሮቹ ከደረቱ ጋር በአጥንት አልተገጠሙም። ደረቱ በሁለቱ እግሮች መካከል በጡንቻ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። ይህ ጡንቻ ሲጠነክር ፈረሱ ከፊት በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። «ፈረሱ አደገ እንዴ?» ያሰኛል። አላደገም፣ ደረቱ ተነሥቶ ነው።

ዳገት አለኝ። እንዴት ልጠቀምበት?

ረጅም ገመድ ያለው ልባብ አድርጉለት። ልጓም አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለስላሳ ተዳፋት ምረጡና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ በርምጃ ብቻ አስኬዱት። ገመዱን አላሉት። አንገቱን ዘርግቶ፣ አፍንጫውን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ ሲወጣ የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር ይገባል፣ ታፋውና ሽንጡ ይሠራሉ። ከሮጠባችሁ ሥራው ቀረ ማለት ነው። ፈረስ ዳገት ሲያይ የሚሮጠው ጎብዞ እንዳይመስላችሁ። ቀስ ብሎ መውጣት ስለሚከብደው በሩጫ ሊያመልጠው ፈልጎ ነው።

ሰው የሚረሳው ቁልቁለቱን ነው። ለእኔ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ቀስ ብሎ የሚወርድ ፈረስ ክብደቱን በኋላ እግሩ መያዝ አለበት፣ ለዚህ ደግሞ የሆዱን ጡንቻ ይጠራል። ግማሽ ላይ ስትደርሱ አቁሙት። አምስት ቁጠሩ። ከዚያ ቀጥሉ። እንደገና አቁሙት። በአራተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ በስድስተኛው ሳምንት 45 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። ሶምሶማ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ሽቅብ ብቻ፣ አንድ አንድ ደቂቃ። ቁልቁል ማስሮጥ አይታሰብም፣ የፊት እግሩን ጅማት ይበላዋል።

ተዳፋቱን በቀጥታ ከመውጣት ይልቅ አንዳንዴ ጠመዝማዛ መንገድ ያዙ። የከብት መንገድ እንደሚሄደው። በግራም በቀኝም እንዲታጠፍ ይረዳዋል። ግራ ጎኑ ቀላል ሆኖ ቀኙ ከከበደው እዚያው ታውቃላችሁ።

ቤቴ አካባቢ ሜዳማ ነው፣ ዳገት የለም። ምን ላድርግ?

አጣና። የባሕር ዛፍ አጣና የማይገኝበት የደጋ ቀበሌ ካለ ንገሩኝ።

አራት ወይም አምስት አጣና መሬት ላይ አጋድሙ። የእኛ ፈረሶች ቁመት ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈረስ በርምጃ ሲሄድ በአጣናዎቹ መካከል ከ65 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሜትር ከሌላችሁ ክንድ ተኩል ግድም በሉት። የኋላ እግሩ አጣናውን እየነካ ካስቸገረ አስጠጉት ወይም አራርቁት። የሚነግራችሁ የእሱ እርምጃ ነው። ዙሪያውን ድንጋይ አስደግፉ። ክብ እንጨት ሰኮና ሥር ከተንከባለለ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይሄዳል።

ፈረሱ አጣናውን ለማየት ጭንቅላቱን ያወርዳል፣ እግሩን ያነሣል፣ ጀርባው ይነሣል። ማንም ሳያስገድደው። አሥር ጊዜ ካለፈ በቂ ነው። ሁለት ሳምንት ከለመደ በኋላ የአጣናዎቹን አንድ ጫፍ በብሎኬት ቁራጭ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፣ አንዱን በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ። ያን ጊዜ ሥራው እጥፍ ይከብደዋል፣ እናንተም ቁጥሩን ቀንሱ።

ያለኝ ግቢ ብቻ ነው። መኪና የምታቆመው እንኳ በግድ ነው።

ለዚህም መላ አለው፣ እንዲያውም በጥናት የተደገፈው ይህኛው ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ሥራ ስምንት ፈረሶችን ወስደው ለሦስት ወር አንገታቸውን ብቻ አዘረጓቸው። በሳምንት አምስት ቀን፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አምስት ጊዜ። ሲለኩ፣ ከአከርካሪው ጋር ተጣብቆ የሚሄደውና አጥንቶቹን አጽንቶ የሚይዘው የውስጠኛው ጡንቻ ወፍሮ ተገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካሮት ያዙ። ካሮት ከሌለ የሸንኮራ አገዳ ቁራጭ ወይም አንድ ጭብጥ ገብስ። ፈረሱ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከዚያ አፉን እያስከተላችሁ መጀመሪያ አገጩን ወደ ደረቱ፣ ቀጥሎ በሁለቱ ጉልበቶቹ መካከል፣ ቀጥሎ ወደ ፊት እግሩ ቁርጭምጭሚት። ከዚያ ወደ ጎን። መጀመሪያ የኮርቻው ጠፍር የሚታሰርበት ድረስ፣ ቀጥሎ እስከ ዳሌው። በእያንዳንዱ ላይ አምስት ሰኮንድ ያህል ይቆይ። ቶሎ ጎርሶ ከተመለሰ ጥቅም የለውም፣ መክሰስ በልቶ ሄደ ማለት ነው። በግድ አትጎትቱት። ጣታችሁንም ጠብቁ።

ሁለተኛው ሆድ ማንሣት ነው። ከጎኑ ቁሙ፣ ከኋላ እግሩ ራቅ ብላችሁ። እጃችሁን ከሥሩ አስገብታችሁ፣ ከፊት እግሮቹ ትንሽ ወደ ኋላ ያለውን የደረት አጥንት በጣቶቻችሁ ጫፍ ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ ተጫኑት። ጀርባው ከፍ ሲል ዓይናችሁ ያየዋል። አምስት ሰኮንድ፣ አምስት ጊዜ። ጆሮውን ካጠፈ ወይም ሊነክሳችሁ ከዞረ እዚያ አቁሙ። ጀርባውን ወይም ሆዱን የሚያመው ነገር አለ።

ሦስተኛው ወደ ኋላ ማስኬድ ነው። አራት አምስት ርምጃ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ። በልጓም ጎትቶ ማስኬድ አይደለም። ደረቱን በእጅ ነካ አድርጎ «ኋላ» ማለት ነው። ዕለት ዕለት ከተደረገ ሽንጡንና ታፋውን ያጠነክርለታል።

ታዲያ መቼ ነው የምቀመጠው? ክብደቴ 75 ኪሎ ነው።

እዚህ ጋ ነው ጨዋታው የሚከብደው።

በብዙ አገር የሚጠቀሙበት መለኪያ ሰውየውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ በስምንት ፈረሶች ላይ ተሞክሮ፣ ጭነቱ 25 እና 30 በመቶ ሲሆን ጡንቻቸው ላይ ሕመም ጎልቶ ታይቷል። አሁን የራሳችሁን ፈረስ መዝኑት። ሚዛን አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከጉብታው በኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ለኩ። የዙሪያውን ቁጥር በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 214 ኪሎ ይመጣል።

የ214 ኪሎ 20 በመቶ 43 ኪሎ ገደማ ነው። እናንተ 75፣ ኮርቻው ሲጨመር ከ80 በላይ። ወደ 40 በመቶ እየተጠጋን ነው።

ፈረሶቻችን ጠንካሮች ናቸው። ማንም አይክደውም። አያቶቻችን በእነሱ ነው አገር ያቋረጡት፣ ነገሥታቱም በፈረሳቸው ስም ነው የተጠሩት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ግን መቻልና አለመጎዳት ለየቅል ናቸው። ፈረስ ሲያመው አይጮህም። ጀርባውን አጉድጉዶ መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከባድ ከሆናችሁ የእኔ ምክር ይህ ነው። ጡንቻ የሚገነባበትን ወራት በእግራችሁ ሂዱ። ኮርቻ ላይ የሚወጣ ካስፈለገ ከቤቱ ቀለል ያለው ልጅ ይውጣ። እናንተ ለበዓሉ ቀን ትደርሳላችሁ። ስትቀመጡም ከ20 ደቂቃ ጀምሩ። ቁልቁለት ላይ ውረዱለት። ድሮም መንገደኛ ገደል ሲደርስ ወርዶ ነው የሚስበው።

ኮርቻው የጀርባውን ጡንቻ ሊያጠፋው ይችላል?

ይችላል። ከጉብታው ጀርባ ያለው ስርጉድ ብዙ ጊዜ የኮርቻ ሥራ ነው። ጠባብ ኮርቻ ጡንቻውን ይጫነዋል፣ ደም አይዘዋወርበትም፣ ይሟሽሻል። ሲሟሽሽ ደግሞ ኮርቻው ይበልጥ ይሰምጣል።

የእኛ ባህላዊ ኮርቻ ውስጡ እንጨት ነው፣ ቆዳ የለበሰ። እንጨት ደግሞ ከፈረሱ ጋር አይሰፋም። ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሰው ተቀምጦበት እያለ ከአከርካሪው በላይ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፊት እስከ ኋላ ይኑር። ሁለተኛ፣ ኮርቻው ከመጨረሻው ጎድን አልፎ ሽንጡ ላይ አይውጣ። ጎድን የሌለበት ሽንጥ ጭነት አይወድም። ሦስተኛ፣ ግልቢያ ጨርሳችሁ ስታወርዱት የላቡን ቅርጽ ተመልከቱ። ዙሪያው ርሶ መሐሉ ላይ ደረቅ ያለ ቦታ ካለ እዚያ ላይ እየተጫነው ነው። ነጭ ፀጉር የበቀለበት ቦታ ደግሞ የድሮ ጉዳት ምልክት ነው።

አንድ ጊዜ በጥልፍ ያጌጠ ግላስ የለበሰ ፈረስ ከወዳጄ ጋር ሆነን አደነቅን። ግላሱ ሲነሣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል። ባለቤቱ «ለበዓል ብቻ ነው የምጭነው» አለን። የቆሰለ ጀርባ እስኪሽር ኮርቻ አይነካውም፣ በዓልም ቢሆን።

አንገቱን ወደ ታች በገመድ ባስረውስ? ቶሎ አይለምድም?

አይለምድም፣ ይታገላል እንጂ። የታሰረ ፈረስ ገመዱን ሲገፋ የሚሠራው ያው የታችኛው የአንገት ጡንቻ ነው። አንገቱ ጎብጦ ይታያል፣ ጀርባው ግን ረግቧል። ከፎቶ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ልጓሙንም ጠርጥሩት። የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚይዘው የቆየው የአገራችን ልጓም ኃይለኛ ነው። ትንሽ ሲሳብ ያማል፣ ፈረሱም ሕመሙን ሽሽት ጭንቅላቱን ሽቅብ ይወረውራል። ፈረሱን ቶሎ ለማቆም የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ጡንቻ መገንቢያ አይደለም። በልምምድ ጊዜ ልባብ ይበቃል። ዛብ መያዝ ካለባችሁም አላልታችሁ ያዙ።

ምን ላብላው?

ጡንቻ ከአየር አይሠራም። ሥራ ብቻውን ያለ ምግብ ፈረሱን ያከሳዋል።

መሠረቱ ሣርና ድርቆሽ ነው። በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ። ለ214 ኪሎው ፈረስ ከአራት ኪሎ በላይ ማለት ነው። ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይሠራም። (በነገራችን ላይ አሜሪካኖች ጤፍን ለፈረስ ድርቆሽ ብለው ይዘሩታል። ስኳሩ አነስተኛ ስለሆነ ለወፈረ ፈረስ ይመርጡታል። የእኛው ጤፍ የፈረስ ዳይት ሆነ!)

ገብስ ጉልበት ይሰጣል። ጡንቻ የሚገነባው ግን ፕሮቲን ነው፣ በተለይ ላይሲን የሚባለው። ገብስ ላይ እሱ ትንሽ ነው፣ ጥራጥሬ ላይ ብዙ ነው። ድሮም ባላገር ለፈረሱ ገብስና ባቄላ ቀላቅሎ ሲሰጥ ስህተት አልሠራም። ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ገብስ ላይ አንድ ሁለት ጭብጥ የተከካና የራሰ ባቄላ ጨምሩ። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ፋጉሎም ይሆናል፣ ግን የሻገተ እንዳይሆን አሽትቱት። አዲስ ነገር ሁሉ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይግባ፣ አለበለዚያ ሆድ ቁርጠት ነው። ፉርሽካ ብቻ የሚመግቡ ሰዎች ይጠንቀቁ። ፎስፈረሱ በዝቶ ካልሲየሙን ስለሚያዛባ ከጊዜ በኋላ አጥንት ያሳሳል። አሞሌ ይላስ። ውሃ ሁልጊዜ።

ወንዝ ውስጥ ማስኬድ ይጠቅማል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። ጉልበቱ ድረስ በሚደርስ ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ሲራመድ እግሩን ከፍ ያደርጋል፣ ጀርባውም ይሠራል። አምስት ደቂቃ ለጀማሪ ብዙ ነው። ድንጋዩ አንሸራታች እንዳይሆን፣ ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ በሚመጣበት ሰዓት እንዳይሆን። ከጠጣ ደግሞ አፉን እዩት። አልቅት ምላሱ ሥር ወይም አፍንጫው ውስጥ ተጣብቆ ደም ሲመጥ የሚከርም ፈረስ አለ። ባለቤቱ ደግሞ «ጡንቻው ለምን አልመጣም» ይላል።

ለጥምቀት ይደርስልኛል?

መቼ እንደጀመራችሁ ይወሰናል። መስቀል ማግስት ከጀመራችሁ እስከ ጥር 11 ድረስ 16 ሳምንት አለ። ይህ ጥሩ ጊዜ ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የምትዘጋጁ ደግሞ 12 ቀን ትርፍ አላችሁ።

ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጨረሻ በእጅ መሳብ ብቻ፣ ግቢ ውስጥ አንገት ማዘርጋቱ ሳይቀር። መሬቱ ገና ጭቃ ስላለው ተዳፋቱን በጥንቃቄ። ኅዳር ላይ አጣናና ረዘም ያለ ዳገት። ሰብል ከተነሣ በኋላ የአጨዳው ማሳ ክፍት ይሆናል፣ የሰው አዝመራ ከማበላሸትም ትድናላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ኮርቻ፣ አጭር አጭር። ሽምጥ ግልቢያው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በፊት አይግባ። እሱም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይረፍ። ጡንቻ የሚሠራው በዕረፍቱ ነው።

ዓይን የሚያየው ለውጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። በጣም ለተጎዳ ጀርባ ስድስት ወርም ይሄዳል። ታኅሣሥ 20 ላይ ደውሎ «ለጥር ምን ላድርገው?» የሚል ሰው አለ። ጋማውን አበጥርለት፣ ሌላ ምን ይባላል።

ፈረሴ ሦስት ዓመቱ ነው። የጎረቤቴ ደግሞ ሃያ አልፎታል። ልዩነት አለው?

አለው። የፈረስ አከርካሪ አድጎ የሚጨርሰው ከአምስት ዓመት ተኩል እስከ ስድስት ዓመት ላይ ነው። እግሩ ቀድሞ ይበስላል፣ ጀርባው መጨረሻ ነው። የሦስት ዓመቱን በእጅ ስባችሁ አስለምዱት፣ አጣናውን ይርገጥ፣ አገር ይይ። ክብደት ግን ይቆየው። ለሽማግሌው ዳገቱን አሳጥሩ፣ መሟሟቂያውን አርዝሙ። አንገት ማዘርጋቱ ለእሱ በጣም ይስማማዋል።

የጋሪ ፈረስ ነው ያለኝ። ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ጀርባው ግን እንጨት ነው።

መሥራትና መጎልበት አንድ አይደሉም። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አንገቱን ሰቅሎ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ሲሮጥ ይውላል። ተጨማሪ ልምምድ አትጫኑበት። ሥራው ሲያልቅ ገመዱን አላልታችሁ አሥር ደቂቃ በርምጃ አስኬዱት፣ ጭንቅላቱን ይጣል። ማታ አንገት ማዘርጋቱን ሥሩ። ቀንበሩ ወይም የደረት ጠፍሩ የሚያርፍበትን ቦታ በየቀኑ ዳብሱ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ቢያገኝ ገቢው ላይ ያለውን ጫና አውቃለሁ። ግን ተኝቶ ከሚያመልጣችሁ ሳምንት ይሻላል።

ሁሉንም አደረግኩ። ሦስት ወር ሆነኝ፣ ለውጥ የለም።

እንግዲያው ሥራውን አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። መጀመሪያ አፉን። የመንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ ሾሎ ጉንጩን የሚቆርጠው ፈረስ አላምጦ አይበላም፣ ገብሱ በፋንድያው ውስጥ ሙሉውን ይወጣል። ቀጥሎ የሆድ ትል። ቀጥሎ እግሩን። ትንሽ እንኳ የሚያነክስ ፈረስ ጀርባውን ደብቆ ነው የሚሄደው።

ከዚያ የከበዱት አሉ። በአንገቱ ወይም በእግሩ ላይ ተርታውን እየተደረደረ የሚፈነዳ እብጠት ካያችሁ ከሌሎች ፈረሶች ለዩት። ዕቃውንም አታዋውሱ። በአርሲና በባሌ ደጋ የሚታወቀው፣ በግንኙነት የሚተላለፈው ዱሪን የሚባል በሽታም አለ። ፈረሱ እየበላ ይከሳል፣ የኋላ እግሩ ይዝላል፣ የሽንጥና የታፋ ጡንቻው ያልቃል። ይህን በዳገት አታድኑትም።

ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ቢሾፍቱ የሚቀርባችሁ ደግሞ እዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ስትሄዱ በስልካችሁ በየሁለት ሳምንቱ ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች አሳዩት። የመጀመሪያው ጥያቄው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ነው።